ኢትዮ ጃዝ እና የሦስት ሙዚቃዎች መገናኛ

ጃዝን፣ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ (በኖታ ተጽፎ በኦርኬስትራ የሚቀርበውን) እና የአገር ቤት ዜማን በአንድ ድርሰት ለማስማማት ከጣሩት ኢትዮጵያውያን መካከል፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ቀዳሚ ነው። ለንደን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ከላቲን ምት ጋር ያቀላቀላቸውን የመጀመሪያ አልበሞቹን አሳተመ፤ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘው ደግሞ በ1972 ወጣ።

ትልቁ ፈተና ስልቱ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ብቻ የተዋቀሩ ሲሆኑ፣ የጃዝ ሃርሞኒ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ቅንብር፣ በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ስለሚጠቀም፣ ሃርሞኒው ሲበዛ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል። ስለዚህ ሙላቱ ዜማውን ለቅኝቱ ትቶ፣ ሃርሞኒውን በቁጥብነት ከሥሩ አስገባው፤ ብዙ ተከታዮቹ የዘነጉትም ይህንኑ ቁጥብነት ይመስላል።

በክላሲካሉ ወገን «እረኛው ባለዋሽንት»ን የደረሰውና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ ይጠቀሳል።

በአገር ቤቱ ዜማ ወገን፣ ከቸሃ እስከ ቡታጅራ በጭብጨባና በከበሮ የሚታጀበው ፈጣኑ የጉራጌ ምት ግን ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ የገባው በይበልጥ በዘፋኞች በኩል ነው፤ መርካቶ የተወለደው የጉራጌ ተወላጅ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «እሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ዳግም ታትሞ ለአውሮፓ አድማጭ ደርሷል።