መምረጥ እየቻሉ መመረጥ የተከለከሉት



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው ያልተሰደደበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው መሬት ፍለጋ ሄዶ እዚያው ይቀራል። ለመሆኑ የሄደ ሰው መብቱንም ይዞ ይሄዳል?

አሜሪካ ውስጥ ከላቲን አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ዜግነት እስኪያገኝ አይመርጥም። እዚያ የተወለደ ልጁ ግን 18 ዓመት ሲሞላው ይመርጣል። ዛሬ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች የእነዚህን ቤተሰቦች ድምፅ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ።

የእኛዎቹ ድንበር እንኳ አልተሻገሩም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የወሎና የሌላም አካባቢ ገበሬዎችን መተከል ፓዌ አሰፈረ። በራሳቸው የሄዱም ነበሩ። በ1992 ምርጫ ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚኖሩ አማሮችና ሌሎች «የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም» ተብለው ዕጩ እንዳይሆኑ ታገዱ። መምረጥ ይችላሉ፤ መመረጥ አይችሉም። ምክንያት የተደረገው የ1987ቱ የምርጫ ሕግ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥና የመመረጥ መብት በቋንቋ ልዩነት አይገደብም ይላል።

አቤቱታ አቀረቡ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመጋቢት 1995 ከዕጩ የሚጠየቀው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው ብሎ ወሰነ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው! ፍርዱ መጣ፤ ምርጫው ግን ካለፈ ወደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ለፍትሕ ስንል የነባሮቹንም እንስማ። ጉሙዞች መሬታቸው ሲያዝ አይተዋል፤ በቁጥር ተበልጠው በአገራቸው ድምፅ እንዳያጡ ሠግተዋል። ሥጋቱ እውነት ነው። መልሱ ግን የነባሩን መሬትና ውክልና በሕግ መጠበቅ እንጂ የመጤውን መብት መንጠቅ አይደለም። የክልሉ ሕገ መንግሥት አምስት ሕዝቦችን ባለቤት፣ ሌሎችን ነዋሪ አድርጎ ለየ። ከዚያ በኋላ በመተከል የፈሰሰውን የሁሉንም ወገን ደም እናውቃለን።

«ነዋሪ» የምትለዋን ቃል እኛ ሙስሊሞች እናውቃታለን። አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የወጡት «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» ለማለትም ነበር። እንግዲህ ለራሳችን ያልወደድነውን ስም፣ ወደ ከተማችን ለመጣ ለሌላው አንስጠው።

ወላሁ አዕለም።