ስለ እንጨት ሥራ ተለማማጆች



የእድራችንን አግዳሚ ወንበሮች የሚጠግን ወጣት ብንፈልግ ጠፋ። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጽድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት እንደተተከለ አባቶች ይናገራሉ። ባሕር ዛፉ ግን በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባ ነው፤ ኋላ እስከ ሱሉልታና ቡራዩ ተዳረሰ። ለማገርና ለአጥር ግሩም ነው፤ ለቁም ሣጥን ግን ሲደርቅ ይጣመማል። ጽድን ምስጥ አይደፍረውም።

ጥንት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነበር። ሞርሳ፣ ሰጋቱራ፣ ኮምፔንሳቶ የምንላቸው ቃላት የጣሊያን ናቸው፤ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፣ ቃሉ ቀረ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ተግባረ እድ ሲከፈት ሙያው በትምህርት ቤትም ይሰጥ ጀመር።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በታቀፉት በሦስቱ ከተሞች የአልጋና የሶፋ መሥሪያ ሞልቷል፤ ችግሩ ውል ነው። አንድ የማውቀው ልጅ በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ሲጠርግ ኖሮ፣ መላጊያ ሳይጨብጥ ወጣ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመልመጃ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ይገለጽ፣ አግባብ ያለው ባለሥልጣንም ያጽድቀው ይላል። ዕድሜም ከ15 ዓመት አያንስም።

እንግዲህ ልጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ስለኖርሁ፣ ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ ከወር ስብሰባችን በኋላ ቁጭ ብዬ አነብላችኋለሁ።