አገር አልባዎቹ የመንግሥት ሙዚቀኞች፦ የ«አርባ ልጆች» አመጣጥ እንደ ፖለቲካ ምርጫ

የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመን መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ሰውየውንና አብረውት የመጡትን አርባ ወጣቶች አዲስ አበባ ያደረሳቸው ታሪክ ግን የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ማድመቂያ ያህል ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄዱ፣ ወላጅ አልባ ልጆች አይተው አዘኑ፣ ይዘዋቸው መጡ፤ ተረኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ርኅራኄው እውነት ነው፤ ታሪኩን ለማስረዳት ግን ብቻውን አይበቃም። የልጆቹ መምጣት አልጋ ወራሹ ለመንግሥታቸው የውጭ ባለሙያ ሲመርጡ የተከተሉት መንገድ አንዱ ክፍል ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ይኸውም ዕውቀት ያለው፣ ከጀርባው ግን ቅኝ ገዥ መንግሥት የሌለው ሰው መፈለግ ነው።

ልጆቹ ኢየሩሳሌም የደረሱት በረጅም ስደት ነው። የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በአርመን ሕዝብ ላይ ከፈጸመው የዘር ማጥፋት ከተረፉት መካከል የቫንና የአካባቢው ሰዎች በፋርስ በኩል ወደ ሜሶጶጣሚያ ወረዱ። እንግሊዞች ባቋቋሟቸው የስደተኛ ሰፈሮች፣ መጀመሪያ በባቁባ ኋላም በባስራ አጠገብ በናህር ኡመር፣ ተጠለሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 ስምንት መቶ ያህል ወላጅ አልባ ሕፃናት ከዚያ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰዱ፤ የአርመን ፓትርያርክ መንበር በሆነው በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ጥላ ሥርም ተጠጉ። በዓመቱ የሎዛን ውል ተፈረመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀበትን ጦርነት ዘጋ የተባለው ይህ ውል «አርመን» የሚለውን ስም እንኳ አላነሳም። ለሩሲያ ስደተኞች የወጣው የናንሰን ፓስፖርት ለአርመኖችም እንዲሰጥ የተወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ስለዚህ ራስ ተፈሪ ያገኟቸው ልጆች ወላጅ ብቻ አይደለም የሌላቸው፤ የሚመለሱበት አገርም፣ አቤት የሚሉበት ቆንስላም አልነበራቸውም። ለክርክሬ ዋናው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ጉዞውን እንመልከት። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ አልጋ ወራሹ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው ወጡ፤ ፋሲካን በኢየሩሳሌም አክብረው ወደ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ሮምና ለንደን አቀኑ። ትልቁ ምኞታቸው የባሕር በር ነበር፤ ያለ ባሕር በር ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድርድር ይልቅ በአዲስ አበባ ኑሮ ላይ ዘላቂ አሻራ ያሳረፈው፣ በጉዞው መጀመሪያ በአንድ ገዳም ግቢ ውስጥ የተደረገው ስምምነት ሆነ።

ስለዚህ ስምምነት በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት የራስ ተፈሪ የራሳቸው ምስክርነት አለን። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ልጆቹን በአርመኖች ገዳም እንዳዩ፣ ታሪካቸውን ሰምተው በጣም እንዳዘኑ፣ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተነጋግረውም ለልጆቹ የሚያስፈልገውን እየቻሉ ሙዚቃ ለማስተማር እንደተስማሙ ይተርካሉ። ሐዘኑና ውሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተነገሩት። ይህን የጻፉት ራሳቸው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አገሩን ያጣ ሰው የጻፈውን ሐዘን ለይስሙላ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። ሆኖም ጉዲፈቻ የሚመስለው አተራረክ ከዚህ ቃል ጋር አይገጥምም። የተደረገው በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል የተቆረጠ ውል ነው፦ መንግሥት ያኖራል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ።

ጓዱ ከቄስ ሆቭሃነስ ሲሞንያንና ከመሪው ከናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገባው እንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጊዜ «የአገሪቱ የመጀመሪያ ኦርኬስትራ» ይባላል፤ አባባሉ ጥንቃቄ ይሻል። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎች ልከው ነበር፤ ኢትዮጵያውያንም በውጭ አገር መምህራን ሥር ማርሽ መጫወት ጀምረዋል። የአርባው ልጆች አዲስነት፣ ተሟልቶ የመጣ፣ በአንድ መሪ የሚታዘዝ፣ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ዋና ሥራው የሆነ ጓድ መሆናቸው ላይ ነው። አዲስ የማኅበር አባል የሆነ መንግሥት አምባሳደር ሲቀበል፣ ሰልፍ ሲያሳይ፣ የእንግዳውን መዝሙር አሰምቶ የራሱን ማስከተል ይጠበቅበታል። መለከትና ነጋሪት ለንጉሥ ክብር ይበቁ ነበር፤ ለዚህ አዲስ የመንግሥታት ወግ ግን አልተሠሩም።

ለምን አርመኖች? አንዱ መልስ ሃይማኖት ነው። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ ናቸው፤ በኢየሩሳሌምም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በድህነት ዘመን ከአርመኖች ገዳም ዕለታዊ ቀለብ ይቀበሉ ነበር። ሁለተኛው የቆየ ልምድ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል የላኩት ማቴዎስ አርመን ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወርቅ አንጥረኛው ዲክራን ኤቤያን፣ የመንገድ መዳመጫ ባቡር ያመጣው ነጋዴው ሰርኪስ ተርዚያን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያን ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። አርመን ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም።

ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ ግን ምኒልክም ተፈሪም ሌላ ሒሳብ ነበራቸው። በጅቡቲ ፈረንሳይ፣ በበርበራና በሱዳን እንግሊዝ፣ በምጽዋና በሞቃድሾ ኢጣሊያ ተቀምጠዋል። ከእነዚህ አገሮች የሚመጣ መሐንዲስ ወይም መኮንን ደመወዙን ከዚህ እየበላ ሪፖርቱን ለለጋሲዮኑ ሊጽፍ ይችላል፤ ቅር ቢለው መንግሥቱ ካሣ ይጠይቅለታል። አርመን ግን ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የለውም። አልጋ ወራሹ በኋላ ያደረጓቸውን ምርጫዎች ብንደረድር ይኸው አሳብ ጎልቶ ይወጣል፦ ክብር ዘበኛን ለማሠልጠን እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ቤልጅጎች፣ ለሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ስዊድኖች፣ ለሕግ ምክር የስዊሱ ኦበርሶን፣ ለገንዘብ ምክር የአሜሪካው ኮልሰን። አንዳቸውም የኢትዮጵያ ጎረቤት አልነበሩም። አርባዎቹ ልጆች የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያው ቀለበት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሙዚቃ ስለሆነ ብቻ ከፖለቲካ ታሪኩ ተነጥለው ቆዩ እንጂ።

የእነዚህ ወጣቶች ጥቅም ከድክመታቸው የመነጨ መሆኑን ሳስብ አዝናለሁ። የተፈለጉት ማንም ስለማይጠይቅላቸው ነበር። ነገር ግን ከእነሱ ጋር በቅዱስ ያዕቆብ ከነበሩት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች መካከል ደመወዝ ያለው ሥራ፣ የደንብ ልብስና ቋሚ ማደሪያ በአንድ ጊዜ ያገኘ ስንት ይሆን? ውሉ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም መሆኑ ጭካኔም ቸርነትም ብቻ አያሰኘውም።

ጓዱ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተበተነ። ናልባንዲያን ግን ቀረ። ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ የጻፉለት መዝሙር፣ በአውሮፓ ማርሽ ስልት የተሠራው፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስም የመንግሥት ድምፅ ሆነ። በአይንታብ ተወልዶ ሕዝቡ ከዚያች ከተማ ሲጠፋ የተረፈ ሰው ለሌላ ሕዝብ የአገር መዝሙር መድረሱ በታሪካችን ውስጥ የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

ከመዝሙሩም በላይ የቆየው ግን የአሠራር ሥርዓቱ ነው። አዝማሪ በጌታው ቸርነትና በአድማጩ ሽልማት ይኖር ነበር። ከአርባዎቹ ልጆች ወዲህ ሙዚቀኛ በመንግሥት መዝገብ የሚገባ፣ ወርኃዊ ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ ኖታ የሚያነብ ሠራተኛ መሆን ጀመረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦርና ማዘጋጃ ቤት ሁሉም በዚህ መልክ የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤቱ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝት ለሳክስፎንና ለትራምፔት እያቀናበረ ወጣት ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ። በደመወዝ የማይተዳደሩ የግል ባንዶች እነዚህን የመንግሥት ጓዶች መፎካከር የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው፤ ከተጫዋቾቻቸውም ብዙዎቹ የወጡት ከእነዚሁ ጓዶች ነበር።