የቤተ ዘመድ ስምና የሐረግ ቆጠራ በኮልፌ ቀራንዮ

በሀገራችን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የአባት ስም ይዘው ቢገኙ ዘመዳሞች ናቸው ለማለት አይቻልም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ የአባታቸው ስም ተስፋዬ ወይም ከድር የሆነ ብዙ አባላት በአንድ የዕድር መዝገብ ላይ ተከታትለው ሊጻፉ ይችላሉ። አንደኛው ከጉራጌ፣ ሁለተኛው ከሸዋ ኦሮሞ፣ ሦስተኛው ከመንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከስሙ በቀር ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በአንጻሩ ደግሞ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ እየኖሩ በሦስት የተለያዩ የአባት ስሞች ይጠራሉ። የቤተ ዘመድ ስም በሌለበት ኅብረተሰብ ውስጥ እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በምን ይያዛል? ጥያቄው የስም አጠራር ብቻ ሳይሆን የታሪክ አጠባበቅም ጥያቄ ነው።

የቦታው ስም ራሱ የሁለት ትውፊቶች መገናኛ ነው። «ኮልፋ» በኦሮምኛ ሳቅ ማለት ሲሆን፣ «ቀራንዮ» ደግሞ ክርስቶስ የተሰቀለበት ሥፍራ ስም ነው። በከተማው ዙሪያ የሚገኙት ጉለሌ፣ የካና ገላን የቦታ መጠሪያ ከመሆናቸው በፊት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ነበሩ። በእነዚህ ወገኖች ዘንድ የጎሳ ስም ከሰውየው ስም ቀጥሎ የሚጻፍ አይደለም፤ ሰውየው «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አባቶቹን እየቆጠረ የሚደርስበት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም በጣሊያን ወረራ ዘመን የዛሬው መርካቶ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጣው ነጋዴ፣ ከጋሞ ደጋ የወረደው የዶርዜ ሸማኔ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጣው ወታደርና የቀን ሠራተኛ ከመርካቶ በስተምዕራብ ባሉት ሰፈሮች መኖሪያውን አበጀ። ሁሉም ከየአገሩ ይዞት የመጣ የራሱ ቆጠራ ነበረው፤ አንዱ በአባት ብቻ፣ ሌላው በአባትም በእናትም ይቆጥር ነበር።

በአማራው አገር ቆጠራው በሁለቱም ወገን የሚሄድበት ምክንያት ርስት ነው። ባለርስት ለመሆን የሚሻ ሰው መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ከዋናው አባት እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ሐረግ፣ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ሳይዘል፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ቆጠራው የጠፋበት መሬቱም ይጠፋበታል። ስለዚህ የሐረግ ዕውቀት የመኳንንት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው ለዕለት እንጀራው የሚከራከርበት ማስረጃ ነበር። በክርስቲያኑ ዘንድ የጋብቻ ሥርዓትም እስከ ሰባት ቤት ድረስ መቁጠርን ይጠይቃል። በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ሴት አያቶች ቦታ አላቸው። ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የቤተ ዘመድ ስም ግን ከአራት አያቶች አንዱን አስቀርቶ ሦስቱን ከስሙ ውጭ ይተዋል።

ይህ የኑሮ መሠረት በ1967 ዓ.ም. ተለወጠ። በየካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ የርስት ክርክር ቆመ። በሐምሌ ወር የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲከተል፣ የኮልፌ ነዋሪ በቀበሌ ማኅደር በቤት ቁጥርና በአባወራ ስም ተመዘገበ። የርስት ሥርዓት ማለቂያ የሌለው ሙግት ያስከተለ ከመሆኑም በላይ፣ በደቡቡ አገር ብዙውን ገበሬ ጭሰኛ አድርጎ ላስቀረው ሥርዓት መድኃኒት አልነበረም፤ ስለዚህ በመሻሩ የሚቆጭ ጥቂት ነው። ነገር ግን ርስቱ ሲሻር ሐረጉን ለማስታወስ ያስገድድ የነበረው ትልቁ ምክንያት አብሮ ተሻረ። በቦታው የተተካ የጽሑፍ ልማድ አልነበረም።

ከዚያ አስቀድሞ ሕጉ ሌላ መንገድ አስቦ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 32፣ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው፣ ይኸውም ስም በአስተዳደር ጽሑፎች ላይ አስቀድሞ እንዲጻፍ ደነገገ። ድንጋጌው ግን ከመጽሐፉ አልፎ ወደ ሕዝቡ አፍ አልገባም። ሕጉ ያሰበው የክብር መዝገብ ለረጅም ዘመን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አስገድዳ ፈጽማዋለች። የአይስላንድ ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው እንደ እኛው በአባት ስም ይጠራል፤ ሐረጉን ለብዙ መቶ ዓመታት በጽሑፍ ያቆየ በመሆኑ ቤተሰቡን ለማወቅ ቋሚ ስም አላስፈለገውም።

ሕጉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ሁለቱ የአጠራር ሥርዓቶች በኮልፌ በራሱ ተገናኝተው ነበር። የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተቀበሉ። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠና፣ ትግሉ ወደሚጠራቸው አገራቸው ተመለሱ። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሮሊህላህላ ነበር፤ «ኔልሰን» መምህርታቸው በትምህርት ቤት የሰጠቻቸው ነው። አባታቸው ጋድላ ይባሉ ነበር። «ማንዴላ» ደግሞ የቴምቡ ንጉሥ የንጉቤንግኩካ ልጅ የነበረው የአያታቸው ስም ነው። ስማቸው በእኛ ልማድ ቢጻፍ ሮሊህላህላ ጋድላ በተባሉ ነበር። የአያት ስም በአንድ ትውልድ ላይ ቆሞ ቀርቶ የዘር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሕዝባቸው ሲያከብራቸው ግን «ማዲባ» እያለ በጎሳቸው ስም ይጠራቸው ነበር፤ ይህም በመዝገብ ላይ ሳይጻፍ በአፍ ከሚቆጠረው ከቱለማው የጎሳ ስም ጋር ይቀራረባል። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ የሰጧቸውን መኮንን የሚያነሱት «ኮሎኔል ታደሰ» እያሉ ነው። እኚህ ሰው በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ናቸው። ማዕረጉ ከአባት ስም ጋር ሳይሆን ከራስ ስም ጋር መጠራቱ የኢትዮጵያ ልማድ ነው፤ የታደሰ ልጅም ታደሰ ተብሎ ይቀጥላል እንጂ ብሩ አይባልም።

ዛሬ ይህ ልዩነት በብዙ የኮልፌ ቤተሰቦች ውስጥ ገብቷል። ወደ ውጭ አገር የሄደው ልጅ በቅጽ ላይ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይሞላል፤ እዚያ የሚወለዱት ልጆቹም ብዙ ጊዜ ያንኑ ስም ይዘው ይቀራሉ። እዚህ የቀረው ወንድሙ ልጆች ግን በአባታቸው ስም ይጠራሉ። የአንድ አባት የልጅ ልጆች በሁለት ስም ሲመዘገቡ፣ በሚቀጥለው ትውልድ ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ዝምድናቸውን ሊያውቅ አይችልም። ኮልፌ ያለው የልጅ ልጅ የአያቱን ስም የሚያገኘው ባሕር ማዶ በሚኖሩ፣ ፊታቸውን ባላያቸው ሰዎች ላይ ይሆናል።

ስለዚህ የቤተ ዘመድ ስም በአዋጅ መጨመር ብቻውን ታሪክን አያድንም። የሚያድነው ቆጠራውን ከሽማግሌዎች አፍ ወደ ጽሑፍ ማዛወር ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ በቤት ሥራ መልክ ሊጀምረው ይችላል፤ ተማሪው የአራቱን አያቶቹን ስም፣ የትውልድ መንደራቸውን፣ ወደ ኮልፌ የመጡበትን ዘመንና ሥራቸውን ጠይቆ ይጻፍ። የዕድር ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ከአባት ስም ጎን የእናትን ስምና የትውልድ አገርን ያክል። የክርስትና መዝገብ ባለበት ደብር መዝገቡ፣ በኮልፌው የሙስሊሞች መካነ መቃብርም በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ስም ሳይደበዝዝ ይገልበጥ። በየቤቱ ቆጠራውን የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ናቸው፤ ሥራውም እነርሱ በሕይወት ሳሉ መሠራት ያለበት ነው።