ፈረስና ንጉሥ

አባቶቻችን ፈረስን እጅግ ያከብሩ ስለ ነበር ጀግናውን በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸው ስለዚህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ፈረስን ያደንቃል። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 መለከት በሰማ ጊዜ ወደ ሰልፍ የሚቸኩለው፣ ፍርሃትንም የሚንቀው ፈረስ ኀይሉን ያገኘው ከፈጣሪው መሆኑ ተነግሯል። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ ለራሱ ፈረስ እንዳያበዛ ታዟል። የተነቀፈው በፈረስ ብዛት መታመን ነው እንጂ ፈረሱ አይደለም። ሰሎሞን 1400 ሠረገሎችና 12000 ፈረሰኞች ነበሩት፤ ሆኖም ሕዝቡ ቀንበር ከብዶት ነበርና በልጁ ዘመን መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ።

ይህን ምክር በነፋስ መውጫ ዙሪያ ያለው የጋይንት ምድርም ያስታውሰናል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ወሰዱት። ገደሉን ጠርቦ መንገድ ያወጣው፣ መድፉንም የጎተተው የሰው ክንድ ነበር። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ የአገሩ ልብ ግን አስቀድሞ ከንጉሡ ርቆ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን አባ ታጠቅ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ።

ጀግንነታቸውን ዛሬም እናከብራለን። ነገር ግን ፈረስም ሆነ መድፍ የሕዝብን ፍቅር ሊተካ እንደማይችል ከዚሁ መንገድ እንማራለን።