ባለታሪኩ ሲበዛ

ባለወፍጮው ሰክሯል። ፈረሱ ላይ መቀመጥ እንኳ አቅቶታል። ተራውም የእሱ አይደለም፤ የማረፊያ ቤቱ ጌታ ከፈረሰኛው ቀጥሎ እንዲያወጋ የጋበዘው መነኩሴውን ነው። ባለወፍጮው ግን እኔ ካልተናገርሁ ጥያችሁ እሄዳለሁ ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ይፈቀድለትና ወጣት ሚስቱ መሳቂያ ስላደረገችው ስለ አንድ ሽማግሌ አናጢ ያወራል። መንገደኛው ሲንከተከት አንድ ሰው ብቻ ፊቱን ያጠቁራል፤ ምስለኔው። በወጣትነቱ አናጢ ነበር። አፍታም ሳይቆይ ሌባ ባለወፍጮ የሚዋረድበትን ታሪክ አውርቶ ቂሙን ይወጣል።

ይህ የጄፍሪ ቾሰር "የካንተርበሪ ተረቶች" ነው፤ ደራሲው በ1400 ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረ ሥራ። (የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓ፣ የአማርኛዎቹን መጻሕፍት በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ከለንደን ደቡብ ከአንድ ማረፊያ ቤት ተነሥተው ለመሳለም ይጓዛሉ፤ መንገዱን ለማሳጠር ተረት ያወራሉ። ታሪኩ የአንዳቸውም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አንድ ባለታሪክ የያዘ ደራሲ ሰውዬው ወደ ሄደበት መከተል ብቻ ይበቃዋል። ባለታሪኮቹ አምስት ወይም ሃያ ሲሆኑ ግን አንባቢው "እነዚህን ሰዎች ምን አገናኛቸው? ለምንስ ተበታትነው ወደየቤታቸው አይሄዱም?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከቾሰር እስከ ዛሬ የዚህን ዓይነት ድርሰት ታሪክ ሳየው፣ ደራሲዎች ሲለዋውጡት የኖሩት ከሁሉ በላይ ይህንን ማሰሪያ ይመስለኛል።

ከቾሰር ቀደም ብሎ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቦካቾ ማሰሪያ ያደረገው ሞትን ነበር። በ1348 ወረርሽኙ ፍሎረንስን ሲፈጅ 7 ሴቶችና 3 ወንዶች ከከተማው ወጥተው አንድ የገጠር ቤት ይጠለላሉ፤ በ10 ቀን 100 ታሪክ ያወራሉ። ታሪኮቹ ግሩም ናቸው። አውጊዎቹ ግን ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም አንደበተ ርቱዕ ስለሆኑ ስማቸውን ብናቀያይረው ብዙ የሚጎድል ነገር የለም። ቾሰር የጨመረው ጠብን ነው። ምስለኔው ሲቆጣ፣ ያ የሰካራም ተረት የሰው ጉዳት ይሆናል፤ ተራኪ የነበረው ሰው ባለታሪክ የሚሆነውም ያኔ ነው።

በቻይና መንገዱ ሌላ ነበር። "የውኃው ዳርቻ" በሚባለው ጥንታዊ ልብ ወለድ 108 ሽፍቶች ሊያንግሻን ከሚባል ረግረግ ይሰባሰባሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተዋወቅ የማይሞከር ስለሆነ ትረካው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፦ አንዱን ጀግና ተከትለን ስንሄድ መንገድ ላይ ሌላ ያገኛል፣ ፊተኛው ይቀራል፣ እኛ ከሁለተኛው ጋር እንቀጥላለን። ሁሉንም የሚገፋቸው የሹማምንት ግፍ፣ ሁሉንም የሚቀበላቸው ያው ረግረግ ነው።

በእኛ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ገድሉም ዜና መዋዕሉም በባሕርዩ የአንድ ሰው ነው፤ ቅዱሱ ወይም ንጉሡ መሃል ይቆማል፣ ሌላው አጃቢ ነው። ተአምረ ማርያም ግን ለየት ይላል። እዚያ እያንዳንዱ ተአምር የራሱ ባለታሪክ አለው፤ በላዔ ሰብእን የሚያህል አስደንጋጭ ሰው እንኳ ከገጾቹ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። የማይተዋወቁትን ሰዎች የምታገናኛቸው እመቤታችን ናት። ስለ ብዙ ባለታሪክ ስናወራ ወደ አውሮፓ ብቻ የምንሮጥ ሰዎች ይህን ብናስብበት ይበጃል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ልብ ወለድ በየወሩ እየተቆራረጠ ይታተም ጀመር። አንባቢው በሚያዝያ የተወውን ሰው በሰኔ ለማግኘት ይጠብቃል፤ ለደራሲው ብዙ ሰው መያዝ ያተርፈዋል። ቻርልስ ዲከንስ በ1852 እና 1853 ባወጣው "ብሊክ ሃውስ" ጌታውንም ለማኙንም ያሰረው ለዓመታት በሚጓተት የውርስ ክርክር ነው። የፍርድ ቤት ምልልስ ለሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ይህ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቶልስቶይ የጀመረው ከአንድ ሰው ነበር። በ1856 ከሳይቤሪያ ግዞት ስለሚመለስ ሽማግሌ ሊጽፍ አሰበ። ሰውየውን ለመረዳት ወደ ተጋዘበት ወደ 1825ቱ አመፅ፣ ከዚያ ወደ 1812ቱ ጦርነት፣ ከዚያም ወደ 1805 ወደ ኋላ ሄደ፤ "ጦርነትና ሰላም" በ1869 ሲያልቅ ከ500 በላይ ሰዎች ገብተውበት ነበር። ጥበቡን ለማየት የቦሮዲኖን ውጊያ ማንበብ ይበቃል። ወታደር ያልሆነው ፒየር ነጭ ባርኔጣና አረንጓዴ ኮት አድርጎ፣ ለሠርግ እንደ ተጠራ ሰው፣ በመድፈኞቹ መካከል ይንጎራደዳል። ወታደሮቹ መጀመሪያ ይናደዱበታል፣ ቆይተው ይለምዱታል። በዚያው ዕለት የእውነት ወታደር የሆነው ልዑል አንድሬይ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ተጠባባቂ ሆኖ ቆሞ ይውላል፤ እግሩ ሥር ቦምብ ይሽከረከራል። ተዋጊው ሥራ ፈት፣ ሲቪሉ እሳት መሃል። አንድ ባለታሪክ ብቻ ቢኖር ኖሮ ከሁለቱ ቦሮዲኖዎች አንዱ በቀረ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የጆርጅ ኤልየትን "ሚድልማርች" ነው። ደራሲዋ በ1869 ስለ አንድ ወጣት ሐኪም መጻፍ ጀምራ ሥራው አልገፋ አላት። በ1870 መጨረሻ ደግሞ ዶሮቲያ ብሩክ ስለምትባል ሌላ ወጣት አንድ ታሪክ ጀመረች። ቆይታ ሁለቱን አንድ አደረገቻቸውና በ1871 እና 1872 በ8 ክፍል አወጣችው። ሐኪሙና ዶሮቲያ እምብዛም አይገናኙም፤ የሚያስተሳስራቸው ከተማው ነው፣ ሐሜቱ፣ ብድሩ፣ ኑዛዜው። ኤልየት በአንድ ስፍራ ስለ መስተዋት ትጽፋለች፦ ሲወለወል የኖረ መስተዋት ላይ ጭረቱ ወዲያም ወዲህም ነው፤ ሻማ ሲያስጠጉበት ግን ጭረቱ ሁሉ በሻማው ዙሪያ ክብ የሠራ ይመስላል። ሰውም እንዲሁ የዓለሙ ነገር ሁሉ በራሱ ዙሪያ የተሰለፈ ይመስለዋል ማለቷ ነው። ጥቂት ገጾች አልፎ አንድ ምዕራፍ ስለ ዶሮቲያ ይጀምርና ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። ተራኪዋ ለምን ሁልጊዜ እሷን ብቻ ብላ ራሷን ትጠይቅና ወደ ባሏ ትዞራለች፤ እስከዚያ ድረስ ደረቅና ቀዝቃዛ ሽማግሌ ሆኖ ወደታየን ወደ ካሶቦን። ሻማው ሲዛወር ያ የጠላነው ሰው ፈሪ፣ ብቸኛ፣ መጽሐፉን የማይጨርስ መሆኑን ራሱም የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታያል። እኔ ብዙ ባለታሪክ የመጻፍ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ ሰው መደርደር ለማንም አይከብድም፣ አንባቢው ፊት ለነሳው ሰው ሻማ መስጠት ግን ይከብዳል።

20ኛው ምዕተ ዓመት ሁሉን የሚያውቀውን ተራኪ አሰናብቶ ቃሉን ለሰዎቹ ሰጠ። ጃፓናዊው አኩታጋዋ በ1922 ባወጣት አጭር ልብ ወለድ ጫካ ውስጥ ሬሳ ይገኛል፤ 7 ሰዎች ይመሰክራሉ። ሽፍታው እኔ ነኝ የገደልሁት ይላል፤ ሚስትየው እኔ ነኝ ትላለች፤ ሟቹም በጠንቋይ አንደበት ራሴን ገደልሁ ይላል። ተጠርጣሪ ሁሉ ጥፋቱን ለራሱ የሚሻማበት እንዲህ ያለ ችሎት ከየት ይገኛል! ኩሮሳዋ በ1950 "ራሾሞን" በሚል ፊልም ዓለም እንዲያየው አደረገ። ፎክነር በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት እናት ትሞታለች፤ ቤተሰቡ አስከሬኗን በጋሪ ጭኖ ራቅ ወዳለ ከተማ ይጓዛል። 15 ሰዎች በ59 ምዕራፍ ይተርካሉ፣ ሟቿም አንድ ምዕራፍ አላት። ሁሉም ለቀብር የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ውስጥ ውስጡን ግን አባትየው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሴት ልጁ ፅንስ ማስወረጃ፣ ትንሹ ልጅ የመጫወቻ ባቡር እያሰቡ ነው።

ናጊብ ማህፉዝ በ1967 "ሚራማር" ላይ አሌክሳንድሪያ ያለ ፓንሲዮን ይከፍታል። አራት እንግዶች ያንኑ ሰሞን፣ ያንኑ ጠብ፣ የአንዱን እንግዳ ሞት በየራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ ሽማግሌው ጋዜጠኛ መጀመሪያም መጨረሻም ይናገራል። ሁሉም የሚያወሩት ግን ከገጠር ሸሽታ ስለመጣችው ስለ ሠራተኛዋ ዞህራ ነው፣ እሷም ምዕራፍ የላትም። አንዱ ይመኛታል፣ አንዱ ይከዳታል፣ አንዱ ያዝንላታል። ማን ቃል እንደተሰጠው ብቻ ሳይሆን ማን እንደተነፈገም ታሪክ ይናገራል፤ ከአብዮቱ በኋላ ስለነበረችው ግብፅ ከዚህ የሰላ ትችት አላነበብሁም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ "ፍቅር እስከ መቃብር" ይቀድማል። ማንም ሰው መጽሐፉን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ብሎ ይጠራዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ያወጡት ሥራ በዛብህ ከመወለዱ በፊት በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ኑሮ ይጀምራል፤ ካሳ ዳምጤ፣ ያ ጉዱ ካሳ የሚሉት፣ ሲመጣ ደግሞ ፍቅረኞቹ ለጊዜው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራታቸው ሳቢያ ልጃቸውን ሳይድሩ የሚያስቀምጡ፣ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት ሲያምፅባቸው ደግሞ መሳቂያ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ደራሲው ክብራቸውን ሙሉ በሙሉ አልገፈፏቸውም። መምህሩን፣ የጌታውን ልጅ፣ እብድ የሚባለውን ዘመድ ሁሉ አንድ ላይ የሚያውለው የፊታውራሪው ግቢ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ለየሰዉ የየራሱን ድምፅ መስጠቱ ጌጥ አልነበረም፤ መጽሐፉ ራሱ እንዲያ ተጽፎ ነበር። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 "አደፍርስ"ን ሲያወጣ ርእሱን ለአንድ ሰው ሰጥቶ ገጾቹን ለጭቅጭቅ ሰጠ፤ አንባቢው ተራኪ ሳይመራው ማን እንደሚናገር በአነጋገሩ መለየት አለበት። አዳም ረታ ደግሞ ሕፅናዊነት ባለው አጻጻፉ የእንጀራን ዓይኖች ያስባል፤ ዓይኖቹ ብዙ፣ እንጀራው ግን አንድ ነው። በአንዱ ትረካ ዳር ላይ ያለፈ ሰው በሌላው መሃል ይገባል፤ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ ባለታሪክ ሊይዝ ይችላል። ይህን አጻጻፍ የማይታገሡ አንባቢዎች አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

ብዙ ሰው መያዝ ዋጋም ያስከፍላል። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ምዕራፎቹን በሰዎች ስም እየሰየመ በ1996 የጀመረው ተከታታይ ልብ ወለድ በ2005 አራተኛው ላይ ሲደርስ አልያዝ አለው። ሰዎቹን በቦታ ከፍሎ ግማሾቹን ወደ አምስተኛው ቢያሻግር፣ አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው። የእኛ ተከታታይ ድራማዎች ይህን ችግር ብዙ ጊዜ የሚፈቱት በዝምድና ነው፤ የማይተዋወቁ መስለው የጀመሩ ሰዎች ሃምሳኛው ክፍል ላይ ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ። ሲደጋገም ይሰለቻል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ከዝምድና የተሻለ ማሰሪያ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ኮንዶሚኒየም። ጎረቤቱን የመረጠው ዕጣ ነው። ከመልሶ ማልማት የተነሣች የፒያሳ ባልቴት፣ ልጇ ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ ቤት የተገዛላት እናት፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ወንደላጤዎች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ የፋሲካ በጋቸውን በአንድ የጋራ ቤት ያርዳሉ፣ በውኃ ፓምፕ መዋጮ ይጣላሉ። ማንም ዘመድ አይደለም፣ ማንም ደግሞ በቀላሉ ለቆ አይሄድም። የነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ብቻውን አሥር ተናጋሪ አያጣም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢጻፍ መጀመሪያ ማንበብ የምፈልገው የዘበኛውን ምዕራፍ ነው፤ እሱ እዚያ ቤት የለውም፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ ግን ያውቃል፤ በስብሰባውም ስለ ደመወዙ ሲወሰን በር ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው።