የኒውጌት ሴቶች፦ በዳይም ተበዳይም

ስለ ሴቶችና ስለ ወንጀል በመድረኮቻችን ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሁለት ዓይነት ሴት ብቻ ነው። አንዷ ተበዳይ ናት፤ እናለቅስላታለን፣ መባ እንሰበስብላታለን። ሌላዋ በዳይ ናት፤ ስሟን የምናነሣው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ፊት ያቆሟትን ሴት እንኳ ከሁለቱ በአንዱ ልንመድባት እንቸኩላለን፤ አብሯት የነበረው ወንድ የት ገባ ብለን የምንጠይቀው ዘግይተን ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህ አከፋፈል ያልሠራበትን አንድ ቦታ እንመለከታለን፤ በለንደን ከተማ የነበረውን የኒውጌት ወህኒ ቤት።

ዘመኑ የ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ከ200 በላይ ጥፋቶች በሞት ያስቀጡ ነበር። ነፍስ መግደል ብቻ አይደለም፤ 5 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ከሱቅ በስውር የሰረቀም ሞት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ብዙዎቹ የሞት ፍርዶች በኋላ በግዞት ይለወጡ ነበር፤ ነገር ግን ማን እንደሚተርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። በ1813 በኒውጌት የሴቶች ክፍል ወደ 300 የሚጠጉ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ታጉረው ነበር። የተፈረደባትና ገና ፍርድ የምትጠብቀው፣ በጥቃቅን ስርቆት የገባችውና መሰቀያዋን የምትጠብቀው፣ ሁሉም አንድ ላይ። በዚያው ወለል ያበስላሉ፣ በዚያው ያጥባሉ፣ በዚያው ይተኛሉ። ገንዘብ ያላት ከእስር ቤቱ መጠጥ ትገዛለች፤ የሌላት በአጥሩ ብረት መካከል እጇን ዘርግታ ትለምናለች። ዘበኞቹ ራሳቸው ወደዚያ ክፍል ለመግባት ይፈሩ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት ስቲቨን ግረሌት የተባለ የኩዌከር ሰባኪ ቦታውን ጎብኝቶ በጣም ደነገጠ። ብርድ ላይ የወደቁትን ሕፃናት አይቶ በቀጥታ የሄደው ወደ ኤልሳቤጥ ፍራይ ቤት ነበር። ኤልሳቤጥ የባለ ባንክ ልጅ፣ የሀብታም ነጋዴ ሚስት፣ የብዙ ልጆች እናት ናት፤ ኩዌከሮች ሴቶች እንዲሰብኩ ስለሚፈቅዱ ደግሞ የታወቀች ሰባኪ ነበረች። ከጓደኞቿ ጋር የሕፃናት ልብስ ሰፍታ ወሰደች። ከዚያስ? ከዚያ ለአራት ዓመት ያህል አልተመለሰችም። ወለደች፣ አንዲት ትንሽ ልጇን ቀበረች፣ ቤቷን የገንዘብ ችግር ጎበኘው። የሕይወት ታሪኳን የሚተርኩ ስብከቶች ይህን ክፍል ዘለው ያልፉታል፤ እኛ ግን መታወቅ ያለበት ይመስለናል። ከመጀመሪያው እንባ እስከ እውነተኛው አገልግሎት ድረስ የሐዘንና የድካም ዓመታት አልፈዋል።

በ1816 ገና ሰሞን ተመልሳ ስትገባ ከሴቶቹ ጋር ብቻዬን ተዉኝ አለች። ያነበበችላቸው በማቴዎስ ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ተጠርተው እንደ ሌሎቹ እኩል ስለተከፈላቸው ሰዎች። ካዳመጧት መካከል አንዳንዶቹ ክርስቶስ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሌሎቹ የእነርሱ የመዳን ቀን ያለፈ መሆኑን ፈሩ። ቤተ ክርስቲያን በየመንገዱ በቆመባት፣ ራሷን ክርስቲያን ብላ በምትጠራ ከተማ መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁን ልብ እንበል።

ሥራው የተጀመረው ከልጆቹ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸው ፊደል እንዲቆጥሩ ፈለጉ፤ አስተማሪዋንም ራሳቸው መረጡ። ሜሪ ኮነር ትባላለች፤ የእጅ ሰዓት ሰርቃ የታሰረች ወጣት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አዋቂዎቹም እኛንም አስተምሩን እያሉ በር ላይ ተጨናነቁ። በሚያዝያ 1817 ኤልሳቤጥና ባልንጀሮቿ ለኒውጌት ሴት እስረኞች ማኅበር አቋቋሙ። ስፌት አመጡ፣ የተሰፋውን የሚገዛ ነጋዴ ፈለጉ፣ ሴቶቹንም በ12 በ12 ከፍለው ለየቡድኑ ከመካከላቸው ኃላፊ አስመረጡ። የከተማው ሹማምንት ነገሩን በጎ ሐሳብ ቢሉትም ይሳካል ብለው አላመኑም።

እኛን ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ደንቡ የጸደቀበት መንገድ ነው። ልመና ይቅር፣ ስድብ ይቅር፣ ቁማር ይቅር የሚሉት ደንቦች አንድ በአንድ ተነበቡ፤ በእያንዳንዱም ላይ እስረኞቹ እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ሰጡ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ምድር የተከበረች እመቤት እንኳ ለፓርላማ ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር። ሰዓት የሰረቀችዋ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ያስተላለፈችዋ ስለምትኖርበት ሥርዓት ተጠየቀች። (በአንዳንድ አጥቢያዎቻችን የጸኑ ምእመናን እንኳ እንዲህ አይጠየቁም።) ኤልሳቤጥ ሴቶቹን ንጹሓን ናችሁ አላለቻቸውም። ኃጢአትን ኃጢአት ብላ ትጠራ ነበር። ነገር ግን ጥፋተኛ መሆናቸው ከሰውነት አላወጣቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንግባ። በ1797 የእንግሊዝ ባንክ ወረቀቱን በወርቅ መለወጥ አቁሞ የ1 እና የ2 ፓውንድ ኖቶች አወጣ። ኖቶቹ ለማስመሰል ቀላል ነበሩ። አስመሳዮቹ ብዙ ጊዜ ተሰውረው ይቀራሉ፤ ኖቱን ይዞ ዳቦና ጨርቅ ሊገዛ ገበያ የሚወጣው ድሃው ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። እስከ 1821 ባሉት ዓመታት ከገንዘብ ማስመሰል ጋር በተያያዘ ከ300 በላይ ሰዎች ተሰቀሉ። ከሳሹ ባንኩ ራሱ ነበር፤ ሐሰተኛ ኖት መያዙን ብቻ አምኖ በ14 ዓመት ግዞት የሚያልፈውንና ለሞት የሚቀርበውን የሚለየውም ባንኩ ነበር።

ሃሪየት ስኬልተን ከእነዚህ አንዷ ናት። ሐሰተኛ ኖት ያስተላለፈችው በምትወደው ሰው ግፊት ነው። በእስር ቤቱ ጸባየ ሰናይ፣ ጸጥተኛ፣ ለደንቡ ታዛዥ ነበረች፤ የሞት ፍርዱ እንደሚጸናባት የጠበቀ አልነበረም። ሲጸናባት አንዳንድ እስረኞች፣ ከሁላችንም ይልቅ ለሞት የተዘጋጀችው እርሷ ስለሆነች ነው የተመረጠችው አሉ። ይህን አባባል ደጋግመን አስበንበታል። ቀና ሆና መገኘቷ ራሱ ለገመዱ ያጨት መሰላቸው፤ ሕጉ ምን ያህል ለመረዳት የሚያስቸግር እንደነበረ ከዚህ ይገባናል።

ኤልሳቤጥ ያላትን በር ሁሉ አንኳኳች። የግሎስተሩ መስፍን በወጣትነቷ ያውቃት ስለነበር ወደ ወህኒው መጥቶ ሃሪየትን አየ፤ ከኤልሳቤጥም ጋር ወደ ባንኩ ኃላፊዎች ሄደ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሲድመዝንም ለመነች፤ ሚኒስትሩ ግን ተቆጣ። እንዲህ ያሉ ሴቶች ወንጀለኛው ቅጣትን እንዳይፈራ ያደርጋሉ ባይ ነበር። ሃሪየት ስኬልተን በሚያዝያ 1818 ተሰቀለች። ኤልሳቤጥ በዚያው ዓመት በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ እስር ቤቶች መስክራ ነበር፤ ከፍ ባለ ክብር ተደምጣለች። ስለ ሃሪየት ግን የሰማት አልነበረም። ለኖት አስመሳዮች የነበረው የሞት ቅጣት የተነሣው በ1832 ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2002፣ ያው የእንግሊዝ ባንክ ለኒውጌት ሴቶች ስታነብ የሚያሳየውን የኤልሳቤጥን ሥዕል በ5 ፓውንድ ኖቱ ላይ አትሞ አወጣ።

አገልግሎቱ ነቀፌታ አይገባውም ማለታችን አይደለም። የኒውጌት ንባብ ዝነኛ ሲሆን መኳንንትና የውጭ አገር እንግዶች የሚታደሙበት ትርዒት መሰለ፤ እስረኞቹ በተርታ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ከኋላቸው ሐር የለበሱ እመቤቶች ያዩአቸዋል። ዛሬም ስጦታ ሲያከፋፍሉ ከታራሚዎች ጋር ፎቶግራፍ የሚነሡ የአገልግሎት ቡድኖች ይህን ቢያነቡ መልካም ነው። ፍሬው ግን አልጠፋም፤ በ1823 የወጣው የእስር ቤቶች ሕግ ሴት እስረኞችን ሴት ጠባቂዎች እንዲጠብቋቸው አዘዘ። ይህን በሴት እስረኛ ዓይን ካየነው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ መርከቦቹ አሉ። ወደ አውስትራሊያ የሚጋዙ ሴቶች በክፍት ጋሪ፣ ሕዝቡ እየጮኸባቸውና ጭቃ እየወረወረባቸው ወደ ወደቡ ይነዱ ነበር። ኤልሳቤጥ በተሸፈነ ሠረገላ እንዲሄዱ አስፈቀደች፤ ራሷም ተከትላ እስከ መርከቡ ሄደች። የማኅበሩ እመቤቶች ለእያንዳንዷ መርፌ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ያለበት ከረጢት ይሰጧቸው ነበር፤ በረጅሙ ጉዞ የሚሰፉት እንዲያገኙ። በ1841 ራጃህ የተባለችው መርከብ 180 ሴት እስረኞች ጭና ሆባርት ስትደርስ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በጉዞው ላይ የሰፉትን ትልቅ የአልጋ ልብስ ይዘው ነበር። 2,815 ቁርጥራጮች አሉት፤ በጠርዙም ላይ ለማኅበሩ እመቤቶች ምስጋና በክር ተጽፎበታል። ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ስኮትላንድ ውስጥ ተገኘ፤ አሁን ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ተቀምጧል። ከስፌቱ አንዳንዱ እጅግ የረቀቀ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘች እጅ የሠራችው መሆኑ ያስታውቃል። የሰፉት ሴቶች ስማቸውን አልጻፉበትም።